ሦስት ደብተር የያዘችው የመቱ ተማሪ፦ ሥነ ፍጥረት፣ የዝግመተ ለውጥ ትምህርትና የእኛ ዝምታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በመቱ ከተማ ከሰንበት ትምህርት ቤት መርሐ ግብር በኋላ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቀርባ «መምህር፣ በፈተናው ላይ መጽሐፉ ያለውን ከመለስኩ ሃይማኖቴን እንደ ካድኩ ይቆጠርብኛል?» ስትል ጠየቀችኝ። ያስጨነቃት በባዮሎጂ መጽሐፏ ያለው የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ነበር። እኔም «ለፈተናው ጻፊው፤ በልብሽ ግን አትቀበዪው» ብዬ አሰናበትኳት። መልሴ ለጊዜው ብልህ መስሎኝ ነበር። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ለአንዲት ታዳጊ የማታምነውን እንድትጽፍ፣ የምታምነውን ደግሞ እንድትሸሽግ እንዳስተማርኳት ተረዳሁ።

የኢሉባቦር ተማሪ ሦስት ደብተር ይዞ ያድጋል። እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ ሳይንስን የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ደግሞ ሥነ ፍጥረትን በአማርኛና በግእዝ ይሰማል። ሦስቱ ደብተሮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገልጠው አያውቁም። በጎሬም ሆነ በበደሌ ይኸው ነው። ጥያቄው በልጁ ልብ ውስጥ ይቀመጥና ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ያውም ከቤተሰቡና ከንስሐ አባቱ ርቆ ሳለ፣ በድንገት ይነሣበታል።

ስለ መማሪያ መጽሐፉ የሚወራው ሁሉ እውነት አይደለም። ለዓመታት ሲያገለግል የቆየው የ12ኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ ስለ ሕይወት አመጣጥ የተሰጡ አሳቦችን ሲዘረዝር «ልዩ ፍጥረት» የሚለውንም ጨምሮ ያቀርባል። ወረድ ብሎም ምድር ወጣት ናት የሚሉትን፣ ጥንታዊት ናት የሚሉትን፣ እግዚአብሔር በዝግመተ ለውጥ ፈጠረ የሚሉትንና «ብልህ ንድፍ» የተባለውን ይለያል። እኔን ያሳሰበኝ የዝርዝሩ ምንጭ ነው። ይህ ክፍፍል የተወለደው በአሜሪካ ፕሮቴስታንቶች ክርክር ውስጥ ነው። በ1917 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1925) በቴነሲ ግዛት ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ ጆን ስኮፕስ የተባለ መምህር የሰውን ዝግመተ ለውጥ አስተምረሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ 100 ዶላርም ተፈረደበት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በዚያ አገር ፍርድ ቤቱም ምርጫውም የትምህርት ቦርዱም የዚህ ሙግት አደባባይ ሆኖ ቀረ። የመቱዋ ልጅ እንግዲህ ስለ ፍጥረት «የክርስቲያኖች አሳብ» ብላ የምታጠናው የአያቶቿን ትምህርት ሳይሆን የሌላ አገር ጠብ የተወውን ዝርዝር ነው።

እኛስ ምን አደረግን? ወጣቶቻችን በስልካቸው የሚቀባበሏቸውን ተተርጉመው የመጡ ስብከቶች ተመልከቱ። «ምድር 6 ሺህ ዓመቷ ነው» ይላሉ። ይህ ቁጥር ከዕብራይስጡ ኦሪት የዕድሜ ቆጠራ የወጣ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ባሕረ ሐሳብ ግን ከአዳም እስከ ልደተ ክርስቶስ 5500 ዓመት ይቆጥራል። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በዐውደ ምሕረት የታወጀው 7518 ዓመተ ዓለም ነው። ያን ስብከት «ኦርቶዶክሳዊ መልስ» ብሎ የሚያሰራጭ ወንድማችን የራሱን ቤተ ክርስቲያን ቁጥር እያፈረሰ መሆኑን ልብ አላለም። የተዋሰነው ጋሻ በልካችን የተሠራ አይደለም።

የራሳችን ትምህርት ሀብታም ነው። በአክሲማሮስና በመጽሐፈ ኩፋሌ ላይ የቆመው ሥነ ፍጥረታችን ከእሑድ እስከ ዓርብ የተፈጠሩትን ሃያ ሁለት ፍጥረታት ይቆጥራል። የሰውንም ተፈጥሮ ሲያስረዳ ሥጋው ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደ ሆነ ይናገራል። ነፍሱ ደግሞ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት ይላል። እንስሳት ግን ሕያዋን የሚሆኑት በደመ ነፍስ ነው። ይህ አከፋፈል ለዛሬው ክርክር እጅግ ይጠቅማል። አጥንት የሚቆፍር ሊቅ የሚያገኘው የአራቱን ባሕርያት ፍርስራሽ ነው፤ ስለዚያ ሲናገር ሙያው ነውና እናዳምጠው። የእግዚአብሔር እስትንፋስ ግን በአለት ውስጥ ቅሪት አይተውም። ቅዱስ ባስልዮስም ስለ ስድስቱ ቀናት በሰጠው ዘጠነኛ ስብከቱ፣ ሙሴ የምድርን ዙሪያ ልክ አለመናገሩ ክብሩን እንደማይቀንሰው፣ ለመዳናችን የማይጠቅመንን እንደተወው አስረድቷል።

ይህን ስል ችግሩ ተፈታ ማለቴ አይደለም። 7518 ዓመትና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ጎን ለጎን አይቀመጡም። መተርጉማን «ቀን» የሚለውን ቃል ሁልጊዜ በ24 ሰዓት አለመውሰዳቸው እውነት ነው፤ ለአዳም የተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ 5500 ዓመት ተብሎ የተተረጎመው አንዱን ቀን እንደ ሺህ ዓመት በመቁጠር ነው። ሆኖም የፍጥረትን ዕለታት በየሰዓታቸው ቆጥረው ያስተማሩንም እነዚያው ሊቃውንት ናቸው። በሌሎች ኦርቶዶክሳውያን ዘንድም ድምፁ አንድ አይደለም። አሜሪካዊው መነኩሴ አባ ሴራፊም ሮዝ ዝግመተ ለውጥን አጥብቀው ተቃውመዋል። በኦርቶዶክስ እምነት ውስጥ የነበረው ታላቁ የዘረመል ሊቅ ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ፈጣሪነትንም ዝግመተ ለውጥንም አብሮ እንደሚቀበል ገልጿል። ልዩነቱን ከልጆች ደብቀን የምናተርፈው የለም።

እዚሁ ኢሉባቦር ውስጥ ለዚህ ትምህርት የሚሆን ምሳሌ በጫካችን አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ፣ ገበሬው ሲ.ቢ.ዲ. የሚለው፣ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ማሳውን አወደመ። ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን ፍለጋ ወደ ጫካ ቡና ገቡ። በ1974 እ.ኤ.አ. ከመቱ አጠገብ ካለው ከቢሻሪ የተመረጡት ዛፎች ዘር በጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል ተፈትሾ ለገበሬው ደረሰ። 74110 እና 74112 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች እነርሱ ናቸው፤ መነሻቸው «74» የተመረጡበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በአፋር ሐዳር የድንቅነሽ አጥንት ተገኘ።

ሁለቱን ግኝቶች ጎን ለጎን ሳስብ ይገርመኛል። ስለ አንዱ ስንጣላ ስለ ሌላው ደግሞ በየጓሯችን ተክለን፣ አፍልተን እንጠጣዋለን። በጫካው ውስጥ አንዱ ዛፍ ከሌላው ይለያል፤ በሽታ ሲመጣ ደካማው ይጠፋል፣ የተቋቋመው ዘሩን ይተካል፤ ሰውም ያን ይመርጣል። የመቱ ገበሬ ይህን ለማወቅ ዳርዊንን ማንበብ አላስፈለገውም። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዮ ጫካም ዋጋው በዚሁ ልዩ ልዩ የቡና ዘር ላይ ነው። ፈጣሪ በፍጥረቱ ውስጥ ይህን የመለወጥ ኃይል ማኖሩን የሚክድ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሊኖር አይገባም። ከቡና ተነሥቶ ወደ ሰው መድረስ ግን ሌላ እርምጃ ነው። ሳይንቲስቶች ለዚያ እርምጃ ቅሪተ አካልንና ዘረመልን በማስረጃነት ያቀርባሉ፤ ማስረጃ የላቸውም ብሎ በዐውደ ምሕረት መናገር ሐሰት ነው። «ሰው ከዛሬው ዝንጀሮ ተወለደ» ይላሉ ማለትም ያላሉትን ማለት ነው፤ እነርሱ የሚሉት የጋራ ጥንተ ዘር ነበራቸው ነው።

መንግሥት በበኩሉ አገሪቱን «ምድረ ቀደምት» ብሎ ለዓለም ያስተዋውቃል፤ ድንቅነሽና ላሊበላም በዚያ ስም ሥር አብረው ለጎብኚ ይቀርባሉ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዛል። ምዕራፉ ከመጽሐፍ ይውጣ ብለን መጮህ ከዚህ ሕግ ጋር ያጋጨናል፤ ነገ በሌላ እምነት ሥር የሚያስተምር መምህር የእኛን ልጆች እንዳይሰብክ የሚከለክልልንም ይኸው አንቀጽ ነው። ሕጉ ግን በሁለት በኩል የተሳለ ነው። በክፍል ውስጥ በአንገቷ ማተብ ያሰረችውን ልጅ የሚያሾፍባት መምህር ካለ እርሱም ከሙያው ወጥቷል።

ተማሪዋ «መካድ» ያለችው ቃል እስካሁን በጆሮዬ አለ። ይህ ቃል በኢሉባቦር ክብደት አለው። ከመቱ ብዙም በማትርቀው ጎሬ ብፁዕ አቡነ ሚካኤል ለፋሺስት ወራሪ አልገዛም ብለው በ1929 ዓ.ም. ሰማዕትነትን ተቀብለዋል። የፈተና ወረቀት መሙላትን ከዚያ ጋር በአንድ ቃል መጥራታችን የልጆቹ ጥፋት አይደለም፤ እኛ ለይተን ስላላስተማርናቸው ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ሥነ ፍጥረትን በአፋን ኦሮሞ ጭምር ቢያስተምሩ፣ የመቱ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጉባኤም ምእመናን የሆኑ የባዮሎጂ መምህራንን ከመጻሕፍት መምህራን ጋር በአንድ ጉባኤ ቢያስቀምጥ፣ ይህን የሚከለክል ቀኖና የለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቷን አግኝቼ የቀድሞ መልሴን አረምኩ። «ፈተናው የሚጠይቅሽ ሳይንስ ምን እንደሚል ነው፤ በእውነት መልሺ፤ ይህ ክህደት አይደለም» አልኳት። ስለ አራቱ ባሕርያትና ስለ ነባቢት ነፍስም ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና «ታዲያ መምህር፣ ድንቅነሽ የነበራት ደመ ነፍስ ነው ወይስ ነባቢት ነፍስ?» አለችኝ። ጥያቄውን በደብተሬ ጽፌ፣ መጻሕፍትን ላስተማሩኝ አባት ለማቅረብ ይዤው ተቀምጫለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።