አማካሪው ምን ብሎ ጽፎ ነበር?

በእኛ አገር «አማካሪ» የሚለው ሹመት ዝናው ጥሩ አይደለም። አንድ ባለሥልጣን ከወንበሩ ተነሥቶ የሚሄድበት ሲታጣ «በሚኒስትር ማዕረግ አማካሪ» ይደረጋል። መኪናው አይወሰድበትም፣ ቢሮም ይሰጠዋል፤ የሚያማክረው ሰው ብቻ ይጠፋል። ከተሜው ይህን ከለመደው ቆይቷል። «እገሌ እኮ አማካሪ ሆነ» ሲባል «ምነው፣ ምን አጠፋ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «እንኳን ደስ ያለው» አይልም። እዚህ ላይ «የሰብአዊ መብት» የሚል ቅጥያ ሲታከልበት ደግሞ ቀልዱ ሙሉ ይሆናል።

ቀልዱን እናቆየውና ቁም ነገሩን እናንሣ። ሕግ ካጠኑ እኩዮቻችን መሐል ይህ ሥራ የቀረበላቸው አሉ፤ ወደፊትም ይቀርብላቸዋል። ወሬው ካፌ ውስጥ በተነሣ ቁጥር ጠረጴዛው ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ሆድ አደር» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። ሌላኛው «ውጭ ሆኖ ከመጮህ ገብቶ አንድ አንቀጽ ማስቀየር ይሻላል» ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ሰውየው ጠባይ ነው። እኛ ግን ጥያቄው ሌላ ነው ባይ ነን፦ አማካሪው ምን ብሎ ጻፈ? የጻፈውንስ ከአለቃው ሌላ ማን አነበበው?

ሥራው በአብዛኛው ወረቀት ነውና። አንድ ረቂቅ አዋጅ ከነሐተታ ዘምክንያቱ ይመጣል፤ አስተያየት የሚፈለገው እስከ ነገ ጠዋት ነው። አማካሪው ረቂቁን ከሕገ መንግሥቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ጋር ያስተያያል። አንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል፤ አንቀጽ 13 ደግሞ የመብት ድንጋጌዎቹ ከእነዚህ ሰነዶች ጋር ተጣጥመው ይተርጎሙ ይላል። ስለዚህ በ1985 የተቀበልነው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም፣ በ1986 የተቀበልነው ማሰቃየትን የሚከለክለው ስምምነትም ጠረጴዛው ላይ መዘርጋት አለባቸው። ይህ የሥራው ደስ የሚለው ግማሽ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማሩትን በቀጥታ ይሠሩበታል።

ሌላው ግማሽ ጄኔቫ ነው። ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ሁሉን አቀፍ ግምገማ ላይ በ2002፣ በ2006፣ በ2011 እና በ2017 ቀርባለች። እያንዳንዱ ቀጠሮ የመንግሥት ሪፖርት ይፈልጋል። ሪፖርቱን የሚያረቅቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ከሌሎች አገሮች ለሚነሣው ጥያቄ መልስ የሚያዘጋጅም ያስፈልጋል። ያ ሰው ማን ይመስላችኋል? ያው አማካሪያችን ነው። ወጥመዱም እዚህ ጋ ነው። ሰኞ «ይህ አንቀጽ ከቃል ኪዳኑ ጋር ይጋጫል» ብሎ ለአለቃው የጻፈው ብዕር፣ አዋጁ ከጸደቀ በኋላ «አንቀጹ ከአገራችን ነባራዊ ሁኔታ ጋር የተጣጣመ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ለጄኔቫ ይጽፋል። የመጀመሪያው ጽሑፍ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ሁለተኛው ታትሞ፣ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ ለዓለም ይሰራጫል። ለታሪክ የሚቀረው ሁለተኛው ነው ማለት ነው። አማካሪው ከሥራ ሲለቅ «እኔ እኮ ተቃውሜ ነበር» ቢል ማን ያምነዋል?

ይህ በባዶ ሜዳ የተፈጠረ ሥጋት አይደለም። በ2001 የወጣውን የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621ን እናስታውስ። በሰብአዊ መብት ላይ መሥራት የሚፈልግ የአገር ውስጥ ድርጅት ከገንዘቡ ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ማግኘት አይችልም ነበር። መንግሥት በየመድረኩ ያቀረበው ክርክር መብትን ማስከበር የዜጎች ፖለቲካዊ ሥራ ስለሆነ የውጭ ገንዘብ አይግባበት የሚል ነበር። በወረቀት ላይ መጥፎ አይመስልም። በተግባር ግን ከ1984 ጀምሮ ሲሠራ የነበረው ኢሰመጉ የባንክ ሒሳቡ ታገደ፣ አብዛኞቹን ቅርንጫፍ ቢሮዎቹን ዘጋ፣ «የኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል ከስሙ አውጥቶ ለመመዝገብ ተገደደ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ሒሳቡ ተያዘ፤ ሠራተኞቹን ቀነሰ። ባሏ የደበደባት ሴት በነፃ ጠበቃ የምታገኝበት በር ጠበበ ማለት ነው። ይህ የሆነው ደግሞ መንግሥት ከ2005 እስከ 2007 የሚዘልቅ የመጀመሪያውን ብሔራዊ የሰብአዊ መብት የድርጊት መርሐ ግብር ባወጣበት ዘመን ነው። መርሐ ግብሩን ያረቀቁት ባለሙያዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ሰነዱ ጥሩ ሰነድ ነው። ሁለተኛውም መርሐ ግብር ወጣ፤ በእሱም ዘመን፣ በ2009 እና በ2010፣ አገሪቱ ሁለት ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀባት።

ከዚህ ሁሉ የከፋውን ግን ያየነው በ1998 ነው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ከምርጫው በኋላ የተገደሉትን ሰዎች ጉዳይ እንዲያጣራ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። አባላቱ አማካሪ አልተባሉም፤ ግን የተጠሩት ለዚያው ነው፦ በሙያቸው አይተው ለመንግሥት እውነቱን እንዲነግሩ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል፣ ምክትላቸው ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ ነበሩ። ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጠ፤ የጸጥታ ኃይሎች ከመጠን ያለፈ ኃይል ተጠቅመዋል ወይስ አልተጠቀሙም የሚለውን በድምፅ ሲወስን 8 ለ2 «ተጠቅመዋል» አለ። ከዚያ በኋላ ውሳኔው እንዲለወጥ ጫና እንደደረሰባቸው ሁለቱ ዳኞች አገር ጥለው ከወጡ በኋላ ተናግረዋል። በጥቅምት 1999 ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት የሟቾቹን ቁጥር አልቀየረም፤ ያው 193 ነው። የተለወጠው መደምደሚያው ነው፦ እርምጃው ከመጠን ያለፈ አልነበረም ተባለ።

ይህን ልብ በሉልን። ሬሳ መቁጠር ተፈቅዷል፣ ቁጥሩንም ማተም ተፈቅዷል። የተከለከለው አንድ ሐረግ ነው። በመንግሥት ቤት የሰብአዊ መብት ባለሙያ ትግሉ ሁሉ የሚያርፈው እንዲህ ባለች ሐረግ ላይ ነው። «ተመጣጣኝ» ነው ወይስ «ከመጠን ያለፈ»፣ «ተጥሷል» ነው ወይስ «ክፍተት ታይቷል»። (ይህቺን «ክፍተት» የምትባል ቃል የፈጠረ ሰው ጡረታው ተባርኮለታል።) የ8 ለ2 ውጤቱንም ያወቅነው ሁለት ዳኞች ቤታቸውን፣ ሥራቸውንና አገራቸውን ከፍለውበት ነው። ለአንድ ሐረግ ይህን ያህል ዋጋ ሁሉም ሰው ይክፈል ብለን አንጠይቅም፤ መጠየቅም አንችልም። ለዚህ ነው ነገሩን በአማካሪው ጀግንነት ላይ መጣል የማያዋጣው።

ታዲያ ምክር የሠራበት ጊዜ አልነበረም? ነበረ። በ2010 ማብቂያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥር የሕግና የፍትሕ ጉዳዮች አማካሪ ጉባኤ ተቋቋመ። አባላቱ መምህራን፣ ጠበቆችና ተመራማሪዎች ነበሩ፤ የሚሠሩትም በበጎ ፈቃድ ነበር። እንጀራቸው ሌላ ቦታ ነው። በየሕጉ የጥናት ቡድን አዋቀሩ፤ ረቂቆቹ ሕዝብ ፊት እየቀረቡ ተተቹ፣ ተሰደቡ፣ ተሻሻሉ። በ2011 አዋጅ 1113 ወጥቶ 621ን ሻረው፤ ያ የ10 በመቶ አጥር ፈረሰ፣ ድርጅቶቹም ስማቸውን መለሱ። በ2012 የ2001ዱ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ 652 በአዋጅ 1176 ተተካ። ጋዜጠኞችና ብሎገሮች የተከሰሱበትን 652ን እኛ በትውልድ ደረጃ እናውቀዋለን፤ እየፈራን የጻፍንበት ዘመን ሕግ ነው።

«ያኔ እኮ በሩ ተከፍቶ ነበር» ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ። ያንኑ ጉባኤ በ2001 ብታቋቁሙት 621ን ባላስቆመ። ፖለቲካው ሳይፈልግ አማካሪ ተራራ አይገፋም። ሆኖም በሩ ተከፍቶም የሚሳነው ብዙ ነው። ጉባኤው የሠራው፣ አባላቱ «አይሆንም» ብለው ወደ ቢሯቸው መመለስ ይችሉ ስለነበረና ረቂቃቸውን ከሚኒስትር በፊትም በኋላም ሌላ ሰው ስላነበበው ነው ብለን እናምናለን። ደመወዙ፣ ቤቱና የልጁ ትምህርት ቤት በአንድ ፊርማ የሚንጠለጠልበት ተቀጣሪ ያንን ነፃነት ከየት ያመጣዋል? በዝግ በር የሚጽፍስ ሐረጉን ሲቀይሩበት ማንን ይጠራል?

ንጽጽሩን ከኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጋርም ማየት ይቻላል። ኮሚሽኑ በአዋጅ 210/1992 ሲቋቋም ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ ሕጎች እንዲሻሻሉ ሐሳብ ማቅረብና ማማከር ነው። ለብዙ ዓመታት ድምፁ የማይሰማ ቤት ሆኖ ኖረ። በ2011 ዳንኤል በቀለ፣ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ታስሮ የተፈረደበት ሰው፣ ዋና ኮሚሽነር ሆኖ እስከ 2016 ሠራ፤ ሕጉም በ2012 ተሻሻለ። በመጋቢት 2013 ኮሚሽኑ አክሱም ላይ የኤርትራ ወታደሮች ከ100 በላይ ሲቪሎችን እንደገደሉ በሪፖርት አወጣ። የኤርትራ ጦር በትግራይ መኖሩን መንግሥት ለወራት ሲክድ ቆይቶ ያመነው በዚያው ሰሞን ነበር። የኮሚሽኑን ሥራ የሚተቹ ከየአቅጣጫው ብዙ ናቸው፤ ትችቱም ገና አላለቀም። ግን መተቸት የቻልነው ሪፖርቱን ስላነበብነው ነው። ያው ግኝት ለክቡር ሚኒስትሩ የተጻፈ «ጥብቅ ምስጢር» ማስታወሻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ሐሜት ነበር።

ደግሞም የተገኘው ሁሉ ይጸናል ማለት አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ 2017 ኢሰመጉን ጨምሮ በርካታ የመብት ድርጅቶች ታገዱ። ያገዳቸው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሥልጣኑን ያገኘው ከማን ነው? ከዚያው ከ1113። በጎ ፈቃደኞች ያረቀቁት ሕግ ሌላ እጅ ሲገባ እንዲህ ይሆናል። በዚያ ሰሞን ከመንግሥት ቤት ተቀምጦ «ይህ እርምጃ ከአዋጁ መንፈስ ጋር አይሄድም» ብሎ የጻፈ አማካሪ ካለ፣ ባርኔጣችንን እናነሣለታለን። ግን ለማን ብለን እናንሣ?

የሚነሣብን መከራከሪያ አለ፤ ከባድም ነው። «ምክሩ አደባባይ እንደሚወጣ ያወቀ አማካሪ በግልጽ አይናገርም፤ ለጋዜጣ እየጻፈ ይመስለዋል፤ አለቃውም መጠየቁን ያቆማል» ይላሉ። እውነት አለበት። ውይይቱ ላይ ያለ ረቂቅ፣ ገና ያልተወሰነ ጉዳይ፣ ጥቂት ዓመት ተዘግቶ ቢቆይ ይገባናል። ግን የተሻረ ሕግስ? 621 ከሞተ ቆየ። መንግሥት ራሱ ስሕተት ነበር ብሎ የቀበረውን ሕግ በተመለከተ ከ2000 እስከ 2001 በየመሥሪያ ቤቱ የተጻፈው የባለሙያ አስተያየት ዛሬ የማንን ምስጢር ይጠብቃል? አንድ ሰው፣ በስድስት ኪሎ ወንበር ላይ የተማረ አንድ የሕግ ባለሙያ፣ «ይህ ሕግ ከወጣ የሴቶቹ ማኅበር ይዘጋል» ብሎ ጽፎ ከነበረ ያ ሰው ሆድ አደር አልነበረም። «ምንም ችግር የለበትም» ብሎ ፈርሞ ከነበረም ማወቅ አለብን። ዛሬ «ከውስጥ ሆኜ እለውጣለሁ» የሚል ጓደኛችን የቀደመውን ሰው ወረቀት አንብቦ መግባት አለበት እንጂ በጭፍን መግባት የለበትም።

ሥራውን የምትቀበሉ ጓደኞቻችን ሆይ፣ አትግቡ አንልም። ስትገቡ ግን ቃል ብቻ አትስጡ፤ በቢሮ በራፍ ላይ በሹክሹክታ የተነገረ ተቃውሞ ተቃውሞ አይደለም። ቀንና ፊርማ ያለው ማስታወሻ ጻፉ፤ መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጡት። «አቅጣጫ ተቀምጧል» ሲሏችሁም አቅጣጫውን ማን እንዳስቀመጠው ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር ጠይቁ። ለጄኔቫ የሚላከውን አንቀጽ የሚጽፈው፣ አንቀጹን የተቃወመው ሰው እንዳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ተደራደሩ።

ውጭ ላለነው ደግሞ የመረጃ ነፃነት ድንጋጌ ያለው አዋጅ 590/2000 አለልን። የሚዲያው ክፍል በ2013 በሌላ አዋጅ ቢተካም መረጃ የመጠየቅ መብቱ አልተነካም። የካቢኔ ሰነዶችን የመሳሰሉ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ «አይሰጥም» መባላችሁም አይቀርም። ቢሆንም ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያጣችሁ የሕግ ተማሪዎች፦ በ621 ረቂቅ ላይ የተሰጡ የባለሙያ አስተያየቶች እንዲገለጹ የሚጠይቅ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጽፋችሁ ለፍትሕ ሚኒስቴር አስገቡ። የክልከላው ደብዳቤ ራሱ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።