ዜሮ የተባሉት መምህራን

የከፍተኛ ትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚወዷት አንዲት ቀመር አለች፦ 0፡70፡30። ከመቶ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሠላሳው ዶክትሬት፣ ሰባው ማስተርስ ይኑራቸው፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የሚያስተምር ደግሞ ዜሮ ይሁን ማለት ነው። ግቡ ክፉ አይደለም። ችግሩ ዜሮ የተባለው ሰው ዛሬም ላብራቶሪ ውስጥ ቆሞ ማስተማሩ፣ ቱቶሪያል መስጠቱ፣ ፈተና መጠበቁ፣ ወረቀት ማረሙ ነው።

ስሙ ግራጁዌት አሲስታንት ይባላል። በጥሩ ነጥብ ተመርቆ ዩኒቨርሲቲው ያስቀረው ልጅ። ማስተርሱን እየሠራ የሚያስተምር ከሆነ በአንድ ቀን ሁለት ሰው ይሆናል፤ ጠዋት ተማሪ፣ ከሰዓት መምህር። ማታ ደግሞ የስልሳ ተማሪ የላብ ሪፖርት ይጠብቀዋል። ቴሲሱ ለምን ዘገየ ብሎ የሚቆጣው አማካሪ፣ ብዙ ጊዜ ወረቀቱን ያሸከመው ራሱ ነው።

«ደመወዝ እየበላ ይማራል፣ ምን ጎደለበት?» የሚሉ አሉ። ልብ በሉ፣ ይህ ልጅ ለተማረበት ጊዜ በአገልግሎት ሊከፍል ውል ፈርሟል፤ ዋስ ጠርቷል። ዕዳ የፈረመን ሰው ስጦታ ተቀበለ ማለት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ደግሞ የመምህር ሥራ በሰዓት ሲለካ፣ የላብ ሰዓት ከሌክቸር ሰዓት አንሶ ይቆጠራል። ላብ የሚላከው ማን እንደሆነ ለመገመት ዲግሪ አያስፈልግም።

ይህ እንግዲህ ዕድለኛው ነው። በራሱ ኪስ ከፍሎ ማስተርስ የሚማረው ደግሞ አለ። እሱን የምታገኙት መገናኛ ነው። ከባንክና ከሞባይል ሱቅ በላይ ባሉት ፎቆች ላይ የተከፈቱት የግል ኮሌጆች በክሬዲት ሰዓት እየከፈሉ ያስተምሩታል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ክፍያውም ያልቃል። ስድስት ኪሎ ተምሮ፣ መገናኛ አስተምሮ፣ ወደ ኮተቤ ወይም ወደ አያት በሚወስደው የታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኩን ከፍቶ አርቲክል የሚያነበው ወጣት እሱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ኑሮው ምን እንደሆነ ተከራይ ሁሉ ያውቀዋል።

ኅዳር 5 ቀን 2015 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ 48,000 የሚጠጉ የአካዳሚክ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ብዙዎቹ እያስተማሩ የሚማሩ ነበሩ። ልክ በሦስተኛው ሳምንት፣ ኅዳር 26፣ የኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን የደመወዝ ጥያቄ ይዘው የሥራ ማቆም አድማ ጀመሩ። እነዚያ በጋራ ስምምነት የረዳት መምህሩን መነሻ የዘጠኝ ወር ክፍያ ከ23,000 ዶላር ገደማ ወደ 34,000 ገደማ አሳደጉ። የጀግንነት ልዩነት አልነበረም። እዚያ ሠራተኛውን ወክሎ የሚደራደርና ውል የሚፈርም ማኅበር ነበር። እዚህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው የጋራ ድርድር መብት የመንግሥት ሠራተኛውን አይነካውም።

«ድሃ አገር የካሊፎርኒያን ደመወዝ ከየት ታምጣ?» ማንም አልጠየቀም። የሰዓት ጣሪያ ዶላር አይፈልግም። በ1957 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በብሔራዊ አገልግሎት ወደ ክፍለ ሀገር ማሰማራት ሲጀምር፣ ግዴታው አንድ የትምህርት ዓመት መሆኑ ተቆርጦ የታወቀ ነበር። ተማሪው ወደደውም ጠላውም፣ መቼ እንደሚያበቃ ያውቃል። የዛሬው ረዳት ግን ሥራው መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቀው ስልኩ መጥራት ሲያቆም ነው።

የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች የኮርስ ድልድል ሲለጥፉ ከረዳቱ ስም ጎን በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ እርማት ስንት ሰዓት ተብሎ እንደሚታሰብና ከዚያ ለተረፈው በሰዓት ስንት ብር እንደሚከፈለው ይጻፉ። የግል ኮሌጆቹም ሴሚስተር ሳይጀመር ውሉን በእጁ ይስጡት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀትና አንድ ማኅተም ነው።