የእጅ ሞርሳ ሁሉ ትልቁ ይሻላል?



የእጅ ሥራ ክፍል ሲከፈት ቀድሞ የሚነጠቀው ትልቁ የእጅ ሞርሳ ነው። ወላጅም ለልጁ ሊገዛ ሲወጣ «ከገዛሁ አይቀር» ብሎ ትልቁን ይዞ ይመለሳል። እኔ በዚህ አልስማማም።

የእጅ ሞርሳ ሁለት መንጋጋዎች ከታች በአንድ ማጠፊያ የተያያዙ ስለሆኑ አከፋፈታቸው እንደ መቀስ ነው። ከመጠን በላይ ከተከፈቱ ዕቃውን የሚይዙት በታችኛው ጠርዛቸው ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ያንሸራትታል። ስለዚህ ለወፍራም ብረት ትልቁ ተገቢ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን እኛ የምንሠራው ምንድን ነው? የዘይት ቆርቆሮ፣ የኩራዝ እጀታ፣ ቁልፍ! ጥፍር የምታህል ቁራጭ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መንጋጋ ውስጥ ትዋጣለች፤ ለሞረድ የሚተርፍ የላትም። በአንድ ጎን ብትይዟት ደግሞ መንጋጋው ይዛነፋል። ለእርሷ 25 ሚሊ ሜትሩ ይበቃል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ትራፓኖ ነው። ፑንታው ቆርቆሮውን በስቶ ሊወጣ ሲል ይነክሰውና ያሽከረክረዋል። በጣት የተያዘ ቆርቆሮ ያን ጊዜ ምላጭ ነው። ትንሹን ቁራጭ በሞርሳ ያዙ፣ ከሥሩም እንጨት አድርጉ። ቆርቆሮው ሰፊ ከሆነ ግን ጉልበቱ ከእጃችሁ ይበልጣልና ከጠረጴዛው ጋር አጥብቃችሁ እሰሩት።

ወላጆች ሆይ፣ ገበያ ስትወጡ ልጃችሁ የሚሠራበትን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ፊት ሞርሳው ውስጥ አስገብታችሁ አጥብቁት፤ ከተንቀሳቀሰ መልሱለት።