ሁለት ዓይነት ሰዓት

አንድ ባለጉዳይ ጧት ወደ ቢሮ ገብቶ ፋይሉ እስኪወጣ ሦስት ሰዓት ቢቀመጥ፥ ጸሐፊው ግን ደብዳቤውን የጻፈው በዐሥር ደቂቃ ቢሆን፥ ጉዳዩ የፈጀው ጊዜ ስንት ነው ትላለህ? ባለጉዳዩ ሦስት ሰዓት ይላል፤ ጸሐፊው ዐሥር ደቂቃ ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ክርክሩ የሚመጣው የትኛውን ጊዜ እንደሚቈጥሩ ሳይነጋገሩ የቀሩ እንደ ሆነ ነው።

ፓይተን በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋም እንደዚሁ ያለ ነገር ነበረ። ታይም ክሎክ የሚባለው ትእዛዝ ከዩኒክስ ወገን በሆኑት፥ ማለት በሊኑክስና በማክ ላይ፥ ማሽኑ ለፕሮግራሙ የሠራበትን ጊዜ ብቻ ይቈጥር ነበር፤ በዊንዶውስ ላይ ግን በግድግዳ ሰዓት እንደሚታየው ያለፈውን ጊዜ በሙሉ ይቈጥር ነበር። ፕሮግራሙን አምስት ሰከንድ ተኛ ብትለው፥ አንደኛው ወደ ዜሮ የቀረበ፥ ሁለተኛው አምስት የሚያህል ቍጥር ይሰጥህ ነበር። ስሙ አንድ፥ ትርጕሙ ሁለት!

ስለዚህ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2012 ፓይተን 3.3 ሲወጣ ይህ ትእዛዝ አርጅቷል ተባለ። በምትኩም ፕሮሰስ ታይም ማሽኑ የሠራበትን፥ ፐርፍ ካውንተር ደግሞ መጠበቁን ጨምሮ ያለፈውን ጊዜ እንዲለኩ ተደረገ። በ2019 በፓይተን 3.8 አሮጌው ፈጽሞ ተሰረዘ። ሰባት ዓመት ሙሉ በመመሪያው የተጻፈውን ያላነበበ ሰው፥ ፕሮግራሙ በድንገት ቢቆምበት ማንን ይወቅሳል?

ነገር ግን ከቸልታም የባሰ ጥድፊያ አለ። አንድ ተማሪዬ በሊኑክስ ላይ እንዲህ የቆመበትን አሮጌ ፕሮግራም፥ ታይም ክሎክን ሁሉ በፐርፍ ካውንተር ለውጦ አስነሣው። ፊት ሁለት ሰከንድ ይል የነበረው ዘጠኝ አለ። «አዲሱ ማሽን ሰነፍ ነው» ብሎ ሪፖርት ሊጽፍ ሲል ደረስሁ። ማሽኑስ አልሰነፈም፤ ከሌላ ማሽን ፋይል እስኪመጣ የጠበቀው ጊዜ አብሮ ተቈጠረ እንጂ። በፕሮሰስ ታይም ቢለካው ያው ሁለት ሰከንድ ሆነ።

እንግዲህ ወዳጄ፥ ያረጀ ትእዛዝ ስታገኝ ስሙን ብቻ ለውጠህ አትለፍ። በያንዳንዱ ስፍራ «ይህን የጻፈው ሰው ምን ሊለካ ፈልጎ ነበር?» ብለህ ጠይቅ። ሰው የሚጠብቀውን ጊዜ ከሆነ ፐርፍ ካውንተር፥ የማሽኑን ድካም ከሆነ ፕሮሰስ ታይም ይሁንልህ። በሁለቱም ቢሆን ፊትና ኋላ ለክተህ ልዩነቱን ውሰድ፤ ቍጥሩ ብቻውን ትርጕም የለውም።

ባለጉዳይ ሦስት ሰዓት አስቀምጦ «ዐሥር ደቂቃ ፈጀብን» የሚል ቢሮም በየትኛው ሰዓት እንደ ለካ ቢጠየቅ መልካም ነበር።