ዋጋ ያልተጠየቀበት ገበያ

መርካቶ ብዙ ተራ አለው። ሸማ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ጭድ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ስሙ ከጦር ሜዳ የመጣ የሚመስለው ቦምብ ተራ እንኳ ሳይቀር ሁሉም በአንድ ሕግ ይተዳደራሉ። ሕጉም «ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ «ተወደደ» ብሎ መከራከር፣ ካልተስማሙም ወደሚቀጥለው ሱቅ ማለፍ ነው። ይህ ሕግ በመንግሥት ቢሮም ይሠራል። ከአንባቢዎቻችን መካከል በግዥ ክፍል የተመደባችሁ እንደምታውቁት፣ ለመሥሪያ ቤቱ ጥቂት ደስጣ ወረቀት ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ይዞ መምጣት ግድ ነው። አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ ሹሙ ፊርማውን ይከለክላል፤ ወጣቱ ጸሐፊም እንደ ገና መርካቶ ይወርዳል።

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንነጋገረው ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ስለ ቀረበት ስለ አንድ ትልቅ ገበያ ነው። በዚያ ገበያ ሻጩ ወታደር ነበር።

ወታደርና ገበያ በአገራችን አዲስ የተዋወቁ አይደሉም። መርካቶ ራሱ በወራሪ ጦር ትእዛዝ የተተከለ ገበያ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ. ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአገሬውን ገበያ ወደ አዲስ ከተማ አዛወረው፤ መርካቶ ማለትም በቋንቋው ገበያ ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ባለው ዘመን ደግሞ ብዙው ወታደር ቀለቡን የሚያገኘው ከግምጃ ቤት ሳይሆን ከገበሬው ጎተራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሩ ደመወዝ እንዲያገኝና ገበሬውን እንዳይዘርፍ ደክመዋል፤ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋትም መድፍ የሚቀልጥበት ሠፈር አቋቁመዋል። እዚያ የተሠራው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ. ም. መቅደላ አፋፍ ላይ የወጣው በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው። በደርግ ዘመን ከተተከሉት የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች አንዱ ጋፋት ተብሎ የተሰየመውም ለዚሁ መታሰቢያ ነው። እንግዲህ ጦሩ ብረት ያቅልጥ፣ ፋብሪካም ይሥራ የሚለው ሐሳብ የቆየ ሐሳብ ነው።

ይኸው ሐሳብ በ2002 ዓ. ም. ትልቅ ልብስ ለበሰ። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሕዝቡ በአጭሩ ሜቴክ የሚለው፣ በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ተቋቋመ። ጋፋትና ሆሚቾ፣ የቢሾፍቱ አውቶሞቢል ፋብሪካ፣ ደጀን አቪዬሽን፣ የአዳማው የትራክተር መገጣጠሚያና የአቃቂው የመለዋወጫ ፋብሪካ ባንድ ጥላ ሥር ገቡ። የሚመሩትም የጦር መኮንኖች ሆኑ።

ሐሳቡን ከሥሩ መንቀፍ አይገባም። ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው የአገሩን እጅ ያያል። ቆራሌው ከየመንደሩ የሰበሰበው አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ በዚያ ሲቀጠቀጥ ውሎ ማታ ምድጃና ባልዲ ሆኖ ይሸጣል። ይህን የሚያደርግ ሕዝብ ካፒታልና መሐንዲስ ቢያገኝ ትራክተር ለምን አይሠራም? በጊዜው የግል ባለሀብቱ ለእንዲህ ያለ ከባድ ሥራ አልደፈረም፤ ጦሩ ግን ፋብሪካም፣ መሐንዲስም፣ ሥነ ሥርዓትም ነበረው። ቢሾፍቱ የሚባሉት የከተማ አውቶቡሶችም ብዙ ተማሪና ብዙ ሠራተኛ አጓጉዘዋል።

ችግሩ ሌላ ነው። ለዚህ ለአዲሱ ድርጅት የስኳር ፋብሪካዎች፣ የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ፣ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የኤሌክትሮሜካኒካልና የብረት ሥራ፣ ሁሉም በአንድ ዘመን ተሰጡት። በጨረታ አሸንፎ አይደለም፤ ተሰጡት። አሠሪው የመንግሥት ኮርፖሬሽን፣ ሠሪው የመንግሥት ኮርፖሬሽን፣ አበዳሪው የመንግሥት ባንክ ሲሆን ኪሱ አንድ ይሆናል። በመርካቶ ገዢ የሚከራከረው ገንዘቡ ከራሱ ኪስ ስለሚወጣ ነው። ኪሱ አንድ ከሆነ ግን ማን ከማን ጋር ይከራከራል? በዚህ ላይ ሻጩ ወታደር ነው። የወታደር ሙያው ትእዛዝ መፈጸም ነው፤ «ጉብታውን ያዝ» ሲባል «ስንት ያስወጣል?» ብሎ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም ወታደር አይባልም። ይህ በጦር ሜዳ ክብር የሆነ ጠባይ በግዥ ክፍል ሲገባ ጉዳት ይሆናል።

ጉዳቱም ታየ። በኅዳር 2011 ዓ. ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በሰጡት መግለጫ፣ ሜቴክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያለ ጨረታ የፈጸመው የውጭ አገር ግዥ 37 ቢሊዮን ብር መድረሱን ተናገሩ። አባይ ወንዝና አንድነት የተባሉት ሁለት አሮጌ መርከቦች ታሪክም በዚያው ሰሞን ተሰማ፤ ለቁርጥራጭ ብረት ተብለው ተገዝተው ኋላ ለንግድ ጉዞ ታሰቡ። ምናለሽ ተራ ያለ ቀጥቃጭ የትኛው ብረት እንደሚቆረጥና የትኛው እንደሚጠገን ሳያመዛዝን ገንዘቡን አያወጣም። ስለ ተከሰሱት ሰዎች መፍረድ የፍርድ ቤት ሥራ ስለ ሆነ እኛ አንገባበትም። የእኛ ጥያቄ ለወረቀት የተጠየቀው ሦስት ፕሮፎርማ ለመርከብ ለምን ቀረ የሚለው ነው።

ይህ የሩቅ ሰው ዕዳ እንዳይመስላችሁ። በ2003 ዓ. ም. የግድቡ ሥራ ሲጀመር የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን በቦንድ ሰጥቷል፤ የመርካቶ ነጋዴም፣ ሊስትሮውም ሰጥቷል። በነሐሴ 2010 ዓ. ም. ሥራው ከሜቴክ ሲነጠቅ ከግድቡ አንድም ተርባይን ኃይል አላመነጨም ነበር። ሥራው ለሌሎች ኩባንያዎች ተሰጥቶ የመጀመሪያው መብራት የመጣው በየካቲት 2014 ዓ. ም. ነው፤ ግድቡም በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. በ13 ተርባይኖች ተመረቀ። በመካከል የባከነውን ዓመት የከፈለው ያ ደመወዙን የቆረጠ ጸሐፊ ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ማለት ይህ ነው።

ሌሎች አገሮችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። በፓኪስታን እ. ኤ. አ. በ1954 የተቋቋመው የፋውጂ ድርጅት ሲሚንቶና ማዳበሪያ ያመርታል፤ በቱርክ በ1961 የተቋቋመው የመኮንኖች የጡረታ ገንዘብ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ባለድርሻ ሆኗል፤ በግብጽም ጦሩ ፓስታና የታሸገ ውሃ ይሸጣል። የቻይና መንግሥት ግን በ1998 ጦሩ ከንግድ ሥራ እንዲወጣ አዘዘ፤ ጠመንጃና ሱቅ ባንድ እጅ ሲያዙ ሁለቱም እንደሚበላሹ አይቶ ነበርና። በእኛም አገር ከዚያ በኋላ የጦር መሣሪያው ክፍል ለመከላከያ ተለይቶ፣ የሲቪሉ ክፍል ኢትዮ ኢንጂነሪንግ ግሩፕ የሚል ስም ይዟል።

ስሙ መለወጡ ደግ ነው፤ ነገር ግን ስም ብቻውን አይበቃም። ጦሩ መንገድ ቢሠራ፣ ትራክተር ቢገጣጥም አንቃወምም፤ የምንለው ሒሳቡ እንደ ማንም ነጋዴ ሒሳብ ይመርመር፣ ዋጋውም ከሌላው ሱቅ ዋጋ ጋር ይተያይ ነው። ይህን የሚያደርጉት ደግሞ ሚኒስትሮች ብቻ አይደሉም። ዛሬ ተማሪ የሆንኸው ነገ ሒሳብ መርማሪ ትሆናለህ፤ ዛሬ የፕሮፎርማ ፋይል የምትይዢው ነገ የግዥ ኮሚቴ አባል ትሆኛለሽ። በዚያን ቀን አንድ ትልቅ ሰው መጥቶ «ይህ የበላይ ትእዛዝ ነው፣ ጨረታው ይለፍ» ቢል፣ በአክብሮት ከመቀመጫችሁ ተነሥታችሁ «ትእዛዙ በጽሑፍ ይምጣልን፤ ዋጋውስ ስንት ነው?» በሉት። ጥያቄው ወታደሩን መድፈር አይደለም። ወታደሩ የሚጠብቀው አገር ገንዘብ እንዳይባክን መጠበቅ ነው።