ስድስተኛዋ

ባለፈው እሁድ ቁሓ ቤታችን ቡና ተፈልቶ የተነሳው ክርክር እስከ በረካው ድረስ አልበረደም። ጉዳዩ ልጃችን ናት። መቀሌ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ ትማራለች፤ ለኮሌጁ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድንም ትጫወታለች። ችግሩ ስድስተኛ መሆኗ ነው። አምስቱ ሜዳ ሲገቡ እሷ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ አሰልጣኙ ይጠራታል።

«ከገባች በኋላ የምትሠራውን እያየ ለምን ከመጀመሪያው አያሰልፋትም?» አለች ባለቤቴ።

እኔ ከአሰልጣኙ ጎን ቆምኩ። በእግር ኳስ ተቀይሮ የወጣ አይመለስም። በቅርጫት ኳስ ግን በ40 ደቂቃው ውስጥ ተጫዋች ደጋግሞ ይወጣል፣ ደጋግሞ ይገባል። ቁም ነገሩ ማን ጀመረ ሳይሆን ጨዋታው ሲጨንቅ ማን ሜዳ ላይ አለ ነው። አርጀንቲናዊው ማኑ ጂኖቢሊ ለሳን አንቶኒዮ ስፐርስ አብዛኛውን ጨዋታ ከወንበር እየተነሳ ነው የተጫወተው፤ ከቡድኑ ጋር አራት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል።

«ፈረንጅ አትጥራብኝ» አለችኝ።

ወደ ሀገሬ ሰው ዞርኩ። ታምራት ቶላ ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ ለውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ነበር የቀረው። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ተጠባባቂው በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ ወርቁን ከኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ጋር ወሰደ።

«እሱ እኮ ከዚያ በፊት የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል! እንዲህ ያለውን ሰው ነው ያስቀመጡት። የመሰከርከው ለእኔ ነው» አለች ባለቤቴ። መልስ አጣሁ።

ይሄኔ ዝም ብላ ስትሰማ የቆየችው እናቴ ስኒዋን አስቀመጠች። «ለመሆኑ ለምን እንደሚያስቀምጣት ለልጅቷ ነግሯታል?»

ልጄ አቀረቀረች። አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ለካ አያቷ ጨዋታዋን ለማየት ባሰበች ቁጥር «አደይ፣ ሌላ ጊዜ ትመጫለሽ» እያለች ስታዘገያት የከረመችው ተቀምጣ እንዳታያት ኖሯል።

ማክሰኞ ዕለት ደፍራ ጠየቀችው። «ተጋጣሚ በየት በኩል እንደሚያጠቃን ወንበር ላይ ሆነሽ ታያለሽ፤ ስትገቢ ትዘጊዋለሽ። ይሄን የምታደርግልኝ ሌላ ልጅ የለችኝም» አላት። ማታ ስትነግረን ድምፅዋ ሌላ ነበር።

ባለቤቴ ዛሬም ትጀምር ባይ ናት፤ እኔም ከአቋሜ አልተነቃነቅኩም። በአንድ ነገር ግን ተስማምተናል። ቆይ የተባለ ሰው ምክንያቱን ካልሰማ ራሱ ይፈጥርለታል፤ የሚፈጥረውም «አልረባም» የሚል ነው። እኛስ ቤት፣ ታላቁ ሲጠፋ ብቻ የምንጠራው ትንሹ ልጃችን ምን ብሎ ይሆን የሚያስበው? እሱንም ጠርቼ ማነጋገሬ አይቀርም።

የፊታችን ቅዳሜ ጨዋታ አለ። እናቴ ነጠላዋን ከአሁኑ አጥባ አስጥታለች። እሷ እስክትገባ ድረስ ቆየት ብለን ብንሄድስ ብላት አልሰማችኝም።

«ከመጀመሪያው እንድረስ» አለችኝ። «ስትቀመጥም ልያት።»