ለዓሣ ገንዳ ፕላስቲክ ወይስ ሕያው ተክል? ጥያቄው እምቦጭንም ይነካል

አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ በካፌ ጥግ ወይም በጥርስ ክሊኒክ ተራ መጠበቂያ የመስታወት ዓሣ ገንዳ ማየት ብርቅ አይደለም። ሁለት ሦስት ወርቃማ ዓሣ፣ ሰማያዊ ጠጠር፣ አረፋ የሚተፋ ፓምፕ፣ መሀል ላይ ደግሞ የትኛውም ወንዝ ውስጥ የማይበቅል ደማቅ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር። ቤታቸው ገንዳ ማስገባት የጀመሩ ወዳጆቼም ያንኑ ይገዛሉ። እኔ ሕያው ተክል ይግባበት ባይ ነኝ። «ይህን ሁሉ የአገር ጉዳይ ትተህ ስለ ዓሣ?» የምትሉኝ አትጠፉም። ታገሡኝ፤ ነገሩ ቆቃና ጣና ድረስ ይሄዳል።

ፕላስቲኩን አንበድለው። አይሞትም፣ አይበሰብስም፣ ብርሃን አይጠይቅም። ወርቃማ ዓሣ ለሚያኖር ሰውማ ምክንያት ያለው ምርጫ ነው፤ ይህ ዓሣ ለስላሳ ቅጠል ካገኘ ይበላል፣ ጠጠሩን ሲቆፍርም የተተከለውን ይነቅላል። ጣጣው በሌላ በኩል ነው የሚመጣው። ሣሩን አልጌ ስለሚይዘው እያወጡ መፈተግ ግድ ነው። ርካሹ ዓይነት ጠርዙ ስለታም ስለሆነ እንደ ቤታ ያሉ ክንፋቸው የረዘመ ዓሦችን ይቀድዳል። ስትገዙ ስስ የሴት ስቶኪንግ ላዩ ላይ ሳብ አድርጉበት፤ ስቶኪንጉን ከያዘው የዓሣውንም ክንፍ አይምርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፕላስቲክ ጌጥና መደበቂያ ከመሆን አልፎ ለውሃው የሚያደርገው ነገር የለም።

ሕያው ተክል ግን ይሠራል። ዓሣ የሚጸዳዳውም የሚተነፍሰውም በዚያው ውሃ ነው፤ ከሰውነቱ የሚወጣው አሞኒያ ከተጠራቀመ ይገድለዋል። ፊልተሩና ጠጠሩ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ተክሉ አሞኒያውንም ናይትሬቱንም ይመገባል፣ ቀን ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ አልጌው የሚፈልገውን ምግብ ይሻማል። ውሃ መቀየር ይቀራል ማለት ግን አይደለም። «ተክል ካለ ውሃ አይቀየርም» እያለ የሚሸጥላችሁ ካለ አትመኑት።

መብራት መጥፋቱን የማያነሳ ምክር ለእኛ አገር ምክር አይደለም። መብራት ሲሄድ ፓምፑም ፊልተሩም ይቆማል። ክፍሉ ብሩህ ከሆነ ተክሉ ቀን ላይ ኦክስጅን ማምረቱን አያቋርጥም፤ ፕላስቲኩ ይህን አያደርግም። ማታ ሲሆን ግን ተክሉም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ወሳጅ ይሆናል። ስለዚህ ገንዳውን ጫካ አታድርጉት፣ ዓሣም አታጭቁበት።

«ሕያው ተክል ልዩ መብራትና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይፈልጋል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። በፎቶ የምናያቸው ቀያይና ስስ ቅጠሎች አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። አኑቢያስ የሚባለው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተክልና የደቡብ ምሥራቅ እስያው ጃቫ ፈርን ግን በደካማ ብርሃን ይኖራሉ። ቅጠላቸው ጠንካራ ስለሆነ ብዙው ዓሣ አይደፍረውም። አፈር አያስፈልጋቸውም፤ ከድንጋይ ጋር በክር ማሰር ይበቃል። ወፍራሙን አግዳሚ ግንድ ጠጠር ውስጥ ከቀበራችሁት ይበሰብሳል። እድገታቸው ዘገምተኛ ነው፤ እኔ የምወድላቸውም ይህንኑ ነው።

ምክንያቱም ፈጣኑን ተክል እናውቀዋለን። ናይትሬት በመምጠጥ ብቻ ቢለካ ተንሳፋፊ ተክልን የሚያህል ጥቂት ነው፤ እምቦጭም ተንሳፋፊ ነው። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ ሰው ሐምራዊ አበባውን ወድዶ ለኩሬ ጌጥ እያለ ከአህጉር አህጉር አዞረው። እኛ ዘንድ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ፤ በ2011 ደግሞ ጣና ላይ። ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት አካባቢ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ለጣና የአንድ ወር ዘመቻ ሲታወጅ ገበሬው ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። የአውሮፓ ኅብረት እምቦጭን ከነካቦምባ ጋር በ2016 ከአደገኛ ወራሪዎች ዝርዝር አስገብቶ ሽያጩን ከልክሏል። ካቦምባ ደግሞ በየአገሩ ለዓሣ ገንዳ የሚሸጥ ታዋቂ ተክል ነው።

«እምቦጭ እንደሆነ ገብቷል፤ ከእንግዲህ የአንድ ገንዳ ቅጠል ምን ይጨምራል?» የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። አልቀበለውም። ሌላ ወራሪ አይመጣም ያለው ማን ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ቦይ ላይ የተደፋ ውሃ ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ። ባሕር ዳር ላይ ያለ ሰውማ ይህን ያህል መንገድም የለው፤ ሐይቁ ደጁ ነው።

ስለዚህ ሻጩ ስሙን ሊነግራችሁ የማይችለውን ተክል አትግዙ፤ ተንሳፋፊውን ጨርሶ ተዉት። ተክሎችና ዓሦች ሲገቡ የሚቆጣጠረው አካልም ነጋዴውን ቢያንስ የተክሉን ስም እንዲጽፍ ያስገድደው፤ ለዚህ በጀት አያስፈልግም። ገንዳው ሲሰለቸው ከነተክሉ ወንዝ ላይ ሊደፋው የሚችል ሰው ደግሞ ፕላስቲኩን ይግዛ፣ እኔም አልነቅፈውም።

የተከረከመ ቅጠል ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅና ከቆሻሻ ጋር ይጣል፤ ሽንት ቤት አይጨመር። ከገንዳው የሚቀየረውን ውሃ፣ መድኃኒት ወይም ጨው ካልገባበት፣ ግቢ ያለው ሰው ጎመኑን ያጠጣበት። ናይትሬት ስላለው ጎመኑ ይወደዋል።